ከጽዋው ጋር የሚዞረው ፍላሽ

ዕድሜዬን የጨረስኩት ደመና ሳይ ነው። እንዲህ ስል ሰው ሥራ ፈት የነበርኩ ይመስለዋል፤ እኔ ግን ደመወዝ ይከፈለኝ ነበር። ኲሓ አጠገብ ባለው አውሮፕላን ማረፊያ የአየር ጠባይ ተመልካች ሆኜ፣ በየሰዓቱ ከቢሮ ወጥቼ አንገቴን ቀና አድርጌ፣ ሰማዩ ምን ያህል እንደ ተሸፈነ፣ ደመናው ምን ዓይነት እንደ ሆነ፣ ነፋሱ ከየት በኩል እንደሚመጣ አይቼ እመዘግብ ነበር። አብራሪዎቹ የምለውን ያምኑኝ ነበር። ባለቤቴ አታምነኝም። ምክንያት አላት፤ እደርስበታለሁ።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰማዩን የማየው ሓድነት ሰፈር ካለው ቤታችን መስኮት ነው። ከመስኮቱ ሥር ጠረጴዛ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ የመጨረሻዋ ልጃችን ስትማር የተጠቀመችበትና ሥራ ስትይዝ ለእኔ የተወችልኝ ኮምፒዩተር ተቀምጧል። ከምሳ በኋላ ፀሐይዋ መጋረጃውን አልፋ ትከሻዬ ላይ ስታርፍ እኔ ወንበሬ ላይ አንቀላፋለሁ፤ እሱም የሚነካው ሲያጣ ስክሪኑን አጨልሞ ያንቀላፋል። ነቅቼ ማውሱን ነካ ሳደርገው እሱም ይነቃል። ባለቤቴ በበሩ ስታልፍ ሁለታችንንም አይታ ራሷን ትነቀንቃለች።

ባለፈው ዓመት መጨረሻ ላይ ኮምፒዩተሩ ጠባዩ ተለወጠ። አንድ ነገር ክፈት ስለው ይጀምርና መሀል ላይ ምን ልከፍት ነበር ብሎ የሚያስብ ይመስላል። ያለ ሥራ ማራገቢያው ይጮሃል፣ ለመነሣት ፈቃድ እንደሚጠብቅ አውሮፕላን። በስክሪኑ ላይ ያለችው ቀስት እጄን ሳላንቀሳቅስ ቀስ እያለች ወደ ምሥራቅ ትንሳፈፋለች፣ ልክ የጥቅምት ከሰዓት ደመና። ደግሞ ያልጠራሁት መስኮት በድንገት ይከፈትና አንዲት የማላውቃት ቆንጆ ሴት ስለ ፀጉር ቅባት ትነግረኛለች። እኔ መላጣ ነኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ታሟል ይል ነበር። እኔ ግን አረጀ ብዬ አዘንኩለት። የሚረሳ፣ ሲነሣ የሚያቃስት፣ ያልተጠየቀውን የሚያወራ ፍጡር ሳይ ምን ልበል? የራሴን ዘመድ ያገኘሁ መሰለኝ። እንዲያውም አልቸኩልበትም ነበር፤ አንድ ፋይል እስኪከፍት ድረስ ሰማዩን አየት አደርጋለሁ፣ ብዙ ጊዜም ፋይሉ ሲከፈት እኔ ተኝቻለሁ። እንዲህ እየተዛዘንን ወራት አለፉ።

በዚያ ኮምፒዩተር ውስጥ ብርቅ የሚባል ነገር አልነበረም፣ ከአንድ በቀር። እሱም የባለቤቴ አባት በሰርጋችን ቀን የመረቁን ምርቃት ነው።

እኔ ከወሎ ለሥራ የመጣሁ ልጅ ነበርኩ። ትግርኛዬ ከሰላምታ አያልፍም ነበር። ሰርጉ ጥር ውስጥ ነበር፤ አማቶቼ ዳሱን በሸራ እንሸፍነው ወይስ ቅጠሉ ይበቃል ብለው ሲማከሩ፣ አንዱ ወደ እኔ ዞሮ የሰማይ ነገር አዋቂው አንተ ነህ፣ ምን ትላለህ አለኝ። እኔም በሙሉ የሙሽርነት ኩራት ጠብታ አይወርድም አልኩ። ሙሽራዋን ከቤት ለማውጣት ስንቀመጥ ሰማዩ ተቀደደ። ዳሱ ውስጥ የነበረው ሕዝብ ሁሉ ወደ ቤት ገባና ምርቃቱ ከቆርቆሮው ሥር ተጨናንቀን ቆመን ሆነ። አንድ ዘመድ በቴፕ ቀዳው። አማቴ በትግርኛ ረጅም መረቁ፤ ዝናቡ ከላያቸው ላይ ይወርዳል፣ እሳቸው ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም፣ ዝናቡ ቀነስ እስኪል ይጠብቁና ይቀጥላሉ። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ እንድሰማቸው ብለው፣ ወንዝ ውስጥ ድንጋይ ከድንጋይ እየመረጠ እንደሚሻገር ሰው፣ ቃል በቃል በአማርኛ ተናገሩ።

«ልጄ ስትቆጣህ ስማት። መቆጣቱን ስትተው ግን፣ ያን ጊዜ ፍራ።»

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔ ያኔ የሳቅኩት ሰው ስለ ሳቀ ነው።

ካሴቱ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሳጥን ውስጥ ኖረ። ልጃችን ድምፁን ወደ ኮምፒዩተር አስገለበጠችው፤ ደግ አደረገች፣ ምክንያቱም ካሴቱ በዚያ ክፉ ጊዜ ከቤት ስንወጣና ስንመለስ ከብዙ ነገር ጋር የት እንደ ገባ አናውቅም። በልጅቷ ስልክም ነበር፤ ስልኳን ስትቀይር ቀረ። ስለዚህ አማቴ የቀሩት በእኔ ኮምፒዩተር ውስጥ ብቻ ነበር፣ በእኔ አደራ፣ በዚያ ከእኔ ጋር በሚያንቀላፋው ማሽን ውስጥ።

ይህች ልጃችን ለዳግማይ ትንሣኤ ልትዳር ቀን ተቆረጠ። አያቷን አታውቃቸውም፤ ሳትወለድ ነው ያረፉት። ባለቤቴ ገና ሽማግሌ የተላከ ዕለት ሐሳቧን ጨረሰች፤ ሙሽራዋ ከቤት ከመውጣቷ በፊት አያቷ ይመርቋታል፣ ድምፁን ሁሉም ቆሞ ይሰማል። እኔም አባት መሆኔን፣ መመረቅም እንደማያቅተኝ በትሕትና አስታወስኳት። አንተ ስትመርቅ ዝናብ ይመጣል አለችኝ።

ጥር ውስጥ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ድምፁን ለመስማት ከኮምፒዩተሩ ፊት ተቀመጠች። እኔ አልጋ ላይ ጋደም ብዬ ነበር። ጠራችኝ። «የአባቴ» ብላ ያስጻፈችው ፎልደር በቦታው አለ፤ ግን ጥጉ ላይ ትንሽ ቀስት አብቅሏል። ስትነካው ስክሪኑ ብልጭ ይላል፣ ከዚያ ምንም። ሌሎቹንም ፎልደሮች አየናቸው፤ ሁሉም ያቺን ቀስት አብቅለዋል።

«የአባቴ ድምፅ የት ሄደ?» አለችኝ።

የትም አልሄደም፣ ተኝቷል፣ እኔ እቀሰቅሰዋለሁ አልኩ። ልክ እንደ ጠብታ አይወርድም።

ኮምፒዩተሬ ማርጀቱ ሳይሆን መታመሙ የገባኝ ያን ዕለት ነው። መድኃኒት ፍለጋ ጀመርኩ። ጉንፋን ይዞት ምን ልጠጣ ብሎ የጠየቀ ሰው የሚደርስበትን የሚያውቅ፣ የትኛውን አንቲ ቫይረስ ልጫን ብሎ ከተማ ውስጥ የጠየቀን ሰው ይረዳዋል። ሁሉም የራሱ መድኃኒት አለው፣ የሌላውንም ያጣጥላል። አንዱ የሩሲያው ነው አለኝ፣ አንዱ የሩሲያውን የጫነ ወንድሙ ኮምፒዩተር ሽባ ሆኖ መቅረቱን ማለለኝ። በሚኒባስ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠ ሰው ሳልጠይቀው ገብቶ፣ አንቲ ቫይረስ የሚባል ነገር ራሱ ቫይረስ ነው ብሎ እስክወርድ ድረስ አስረዳኝ።

እኔ ግን ውሳኔውን ለኮምፒዩተሩ ተውኩት። አንድ ከሰዓት በኋላ ከእንቅልፌ ስነቃ ስክሪኑ ቀይ ሆኖ ጠበቀኝ። በትልልቅ ፊደል፣ ኮምፒዩተርህ በጠና ታሟል፣ አሁን ለማዳን እዚህ ተጫን ይላል። እንዴት ያለ አሳቢ ነው አልኩ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል በሽታዬን አይቶ የመጣ እሱ ብቻ ነው። አመስግኜ ተጫንኩ። እሱ ገብቶ ሲቀመጥ ብቻውን እንዳይሆን ብዬ ጎረቤት የነገረኝን ሌላ ጨመርኩ። ሦስተኛውን የጨመርኩት ሁለቱን አይቶ ይፈርድልኛል ብዬ ነው።

ከዚያ በኋላ በማሽኔ ውስጥ የሆነውን ነገር ለመግለጽ ይቸግረኛል። አንድ በር ላይ የቆሙ የማይተዋወቁ ዘበኞች አስቡ። አንዱ ሌላውን ሌባ ነው ብሎ ይይዘዋል፣ የተያዘውም ራሱን አስለቅቆ ያንኛውን ያስራል። ማራገቢያው ቀኑን ሙሉ ይጮሃል፣ ቀስቷ መንሳፈፏን ትታ በቦታዋ ትንቀጠቀጣለች። በመሀሉም ደጋግመው በእንግሊዝኛ ይጠይቁኛል፤ ይህ አጠራጣሪ ነው፣ ላጥፋው ወይ? እኔ ደግሞ በትሕትና ለሚጠይቀኝ እምቢ ማለት አልችልበትም። አዎ እላለሁ። አዎ፣ አዎ፣ ሁሉንም አዎ። ሥራው ሲያልቅ የቆሻሻ ቅርጫቱን ልድፋልህ ወይ አለኝ። ንጽሕና የሚወድ ሰው ነኝ፤ አዎ አልኩ።

ቀስቶቹ ጠፉ። ፎልደሮቹም አብረው ጠፉ።

ለባለቤቴ ራሴ ነገርኳት። ጠፋ አልኩ። ቆማ አየችኝ። ጎኔን አጠንክሬ ቁጣውን ጠበቅኩ፤ በዚህ ሁሉ የትዳር ዘመን የሚመጣበትን አቅጣጫ ከነፋስ ይልቅ አውቀዋለሁ። አልመጣም። ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ጓዳ ገባች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ጸጥ አለ። ካልሲዬን መሬት ላይ ስጥል ታነሣዋለች። ሬዲዮኑን ሳስጮህ ትተወኛለች። በረንዳው ላይ ተቀምጬ እንቅልፍ ሲወስደኝ ብርድ ይመታሃል የሚለኝ የለም። ምግብ ሲደርስ «ምሳ ቀርቧል» ትላለች፣ ለማንም ያልሆነ፣ በረራ እንደ ተራዘመ ለመንገደኛ ሁሉ በሚነገርበት ድምፅ። አማቴ በዝናቡ መሀል የነገሩኝን ያን ጊዜ ፈራሁ። ቃላቸውን አጥፍቼ ትርጉሙን አገኘሁት።

ማሽኑን አቅፌ ሓወልቲ አካባቢ ከአንድ ካፌ በላይ ሱቅ ወዳላት አንዲት ኮምፒዩተር ጠጋኝ ሄድኩ። ሴትየዋ ጎልማሳ ናት፤ ሁለት ዲግሪ እንዳላት በበሩ ለሚገባ ሁሉ ትናገራለች፣ ግድግዳው ላይም ሰቅላቸዋለች፣ እንዳይሰለች ደግሞ በየጊዜው ቦታ ታቀያይራቸዋለች። ማሽኑን ከፍታ ትንሽ አየችና ወንበሯ ላይ ተደገፈች።

«አቦይ፣ ይሄ የማን ምርጫ ነው?»

«የእኔ።»

«ሁለቱን ዘበኛ እርስ በርስ አባልተው፣ ሌባውን ግን ራስዎ ቁልፍ ሰጥተው አስገብተውታል።»

ያ ቀይ አሳቢዬ እሱ ራሱ በሽታ ነበር። ኮምፒዩተሩን፣ ሌላው ክፍሉ ሁሉ እንደ ተኛ፣ እሷ የምትፈልገውን ያህል ብቻ ቀስቅሳ ሌባውን ከነሥሩ ነቀለችው፤ ከሁለቱ ዘበኞች አንዱንም አሰናበተች፣ ቀጥላም ሌላውን። ከኮምፒዩተሩ ጋር አብሮ የመጣው ጠባቂ እንደ እኔ ላለ ሰው ይበቃል አለች፤ ዋናው ነገር በየጊዜው መታደሱ ነው፣ ከውጭ የሚመጣ ፍላሽ ሁሉ ከመከፈቱ በፊት ይፈተሽ፣ ደግሞ ማንም የማያውቁት ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ ታመሃል ቢልዎ አይመኑት። ይህ ሁሉ ገባኝ። ያልገባኝ፣ ቀስቱን ያበቀለው የመጀመሪያው ቫይረስ ፎልደሩን አላጠፋውም ማለቷ ነው። ሸሽጎት ነበር። እውነተኛውን ደብቆ በስሙ ቀስት ያለው ሐሰተኛ አቆመ፤ አንድ ምልክት ብነካ ኖሮ ሁሉም እንደ ነበረ ይታይ ነበር። አዎ አዎ እያልኩ የጣልኩት እኔ ነኝ።

የተጣለውን ለመፈለግ ማሽኑን አስቀረችው። ስመለስ ስም የሌላቸው ብዙ ቁርጥራጮች አውጥታ ነበር፣ ከነሱም መሀል ድምፅ ያለው አንድ ብቻ። እዚያው አልሰማሁትም። ቤት ወስጄ፣ ባለቤቴ ከገበያ እስክትመለስ ጠብቄ ከፈትኩት።

ዝናብ ነበር። የሰው ድምፅ የለበትም፤ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ብቻ፣ አማቴ ቀነስ እስኪል የጠበቁት ዝናብ። ውጭ ፀሐይ ነው፣ ሰማዩ ላይ አንዲት ነጭ ነገር የለም፣ ክፍላችን ውስጥ ግን ከስንት ዘመን በፊት የዘነበው ይዘንባል። ዓይኔን ጨፈንኩ። የእርጥብ ቅጠል ሽታ፣ የተጨናነቀው ሰው ሙቀት፣ እጄ ውስጥ የነበረው የእሷ እጅ ሁሉም መጡ። አሁን ይናገራሉ፣ አሁን ይናገራሉ እያልኩ ጠበቅኩ። ድምፁ ተቆረጠ።

«ዝናቡ ነው» አለች ባለቤቴ። ዘንቢሏን አንሥታ ሄደች።

ቢያንስ ኮምፒዩተሬ ዳነ ብዬ ተጽናናሁ። የካቲት ላይ ግን እንደገና ቀስት አበቀለ። የዚህን ምክንያት ለመናገር ስለ ማኅበራችን ማውራት አለብኝ።

የቅዱስ ሚካኤል ጽዋ ማኅበር አለን፤ በየወሩ በዐሥራ ሁለት ከአንዱ አባል ቤት ወደ ሌላው ይዞራል። ሲያልቅ ጽዋው በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ለሚቀጥለው ተረኛ ይሰጣል። ኔትወርክ በጠፋበት በዚያ ዘመን መዝሙርና ስብከት የሚደርሰን በፍላሽ ብቻ ነበር፤ ማኅበሩም አንድ ሰማያዊ ፍላሽ ነበረው። እንዳይጠፋ አንዷ እናት ጥቁር ማዕተብ አሰረችበት። ማንም ሳይወስን ከጽዋው ጋር በአንድ ጨርቅ መጠቅለል ጀመረ፤ ቄሱ ማዕዱን ሲባርኩ እሱም ይባረካል፣ ጠበል ሲረጩም ይደርሰዋል። ኔትወርኩ ሲመለስ ፍላሹን የሚያሰናብተው ሰው አልተገኘም። አሁንም ይዞራል። ኮምፒዩተር ያለው ኮምፒዩተሩ ላይ፣ የሌለው ቴሌቪዥኑ ላይ ይሰካዋል። እኔ ደግሞ ሥልጣን አለኝ፤ የፍላሽ ኃላፊ ነኝ። በየወሩ ከበዓሉ በፊት ወደ እኔ ይመጣል፣ ከፎቶ ኮፒ ቤት የቀዳሁትን አዲስ መዝሙር እጨምርበትና ለተረኛው አስረክባለሁ። ያኔም ፍተሻ የሚባለውን አላሰብኩም፤ የማኅበር ዕቃ እንዴት ይፈተሻል? ጽዋ የያዘን እንግዳ በር ላይ አቁሞ ኪሱን እንደ መዳበስ ነው።

ኮምፒዩተሬን ከነፍላሹ ይዤላት ስሄድ ጠጋኟ ፍላሹን ከነማዕተቡ አይታ ብዙ ሳቀች።

«የታመመው የእርስዎ ኮምፒዩተር አይደለም አቦይ፣ ማኅበሩ ነው» አለችኝ። «ደግሞ የሚያዳርሱት እርስዎ ነዎት።»

ኮምፒዩተሬን አጽድታ፣ ፍላሹንም ፊቴ ላይ ባዶ አደረገችው። ግን አንድ ቤት ብቻውን ቢጸዳ ዋጋ የለውም አለች። ትኋን እንደ ማባረር ነው፤ ጎረቤት ሁሉ አንድ ቀን ካላራገፈ ይመለሳል።

ያን ሰሞን አንድ ከሰዓት በኋላ ሕልም አየሁ። በአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ላይ ሰማያዊ ፍላሽ የሚያህል፣ አይ፣ አውሮፕላን የሚያህል ፍላሽ ቆሟል። በሩ ተከፍቶ አማቴ በነጭ ጋቢ ይወርዳሉ፣ ከኋላቸው የማኅበሩ ሰው ሁሉ። እኔ ፈታሽ ነኝ። እጆቻቸውን ዘርግተው እስክፈትሻቸው ይጠብቁኛል፤ እኔ አፍራለሁ፣ እለፉ እላለሁ። አልፈው ወደ ደመናው ውስጥ ይገባሉ። ስነቃ ስክሪኑ ጨልሟል። ፍላሹ ከመጽዳቱ በፊት የአማቴ ድምፅ እሱም ላይ እንደ ነበረ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። መስከረም ላይ ተረኛ የነበርነው እኛ ነን፤ ባለቤቴ ለማኅበሩ ሴቶች ልታሰማቸው ፈልጋ ጭኜላት ነበር፣ ከዚያ ማውጣቱን ረሳሁ። እሱንም ነው እንግዲህ ፊቴ ላይ ያስደመሰስኩት። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ቤቱ ከዚህ በላይ ጸጥ ሊል እንደማይችል ባውቅም፣ ልሞክረው አልፈለግኩም።

በየካቲቱ ጽዋ ተነሥቼ ለማኅበሩ ተናገርኩ። ፍላሻችን ታሟል፣ ያሳመምኩትም እኔ ነኝ አልኩ። የማኅበራችን ሙሴ፣ ማለትም መሪያችን፣ አውቶቡስ ሹፌር የነበሩት ሽማግሌ፣ የስዋ ዋንጫቸውን አስቀመጡ።

«ሓወይ፣ ወንድሜ» አሉኝ፣ «ማዕተብ አለው። ጠበል ተረጭቷል። ከየት ያመጣዋል?»

አማኝ ሰውም ጉንፋን ይይዘዋል አልኳቸው። ቄሱ ሳቃቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ሙሴ አልተሸነፉም። የእሳቸው ኮምፒዩተር አንቲ ቫይረስ የሚባል ነገር ገብቶበት እንደማያውቅ፣ ከፍላሹ የሚመጣውንም ሁሉ በየወሩ ሳይመርጡ ሳይቀንሱ እንደሚገለብጡ፣ አንድም ነገር አጥፍተው እንደማያውቁ፣ ማሽኑም ዝም ብሎ እንደሚኖር አስረዱ። በመጨረሻ የመጋቢቱን ተራ እኔ ልውሰድና ኮምፒዩተር ያለው ሁሉ ይዞ ይምጣ ተባለ። ሙሴ የሚያመጡት የእሳቸው ጤነኛ መሆኑን ለማሳየት ብቻ እንደሆነ በቃለ ጉባኤ ባይጻፍም በቃል እንዲያዝ አደረጉ።

መጋቢት ዐሥራ ሁለት ጾም ነበር። ባለቤቴና ሴቶቹ የጾም ጥሕሎ፣ በወጥ የሚጠቀስ የገብስ ሊጥ፣ አዘጋጁ፤ ጠጋኟም ለዋጋዋ በእሱ ተስማምታ መጣች። ኮምፒዩተሮቹ መግባት ጀመሩ። አንዱ በጋቢ ተጠቅልሎ፣ አንዱ በባጃጅ ሰው ጭን ላይ ተኝቶ፣ አንዱ በልጅ ማዘያ ጀርባ ላይ ታዝሎ። ግድግዳውን ተከትለው ተደረደሩ፣ ተራ እንደሚጠብቁ በሽተኞች፤ ባለቤቶቻቸውም ከጎናቸው ተቀምጠው ምልክቱን ያወራሉ። የእኔ ሲነሣ ያቃስታል ይላል አንዱ። የእኔማ መርሳት ጀምሯል ይላል ሌላው። ቄሱ ማዕዱን ሲባርኩ ጠበሉ ወደ ማሽኖቹ እንዳይደርስ ጠጋኟ በቆመችበት እጆቿን ዘርግታ ከለከለች።

የሙሴ ማሽን በመጨረሻ ተከፈተ። ከሁሉም የባሰ በሽተኛ ነበር። ጠጋኟ ዝርዝሩ ሲወርድ አይታ፣ እንዲህ ያለ ሕዝብ በአንድ ቤት አይቼ አላውቅም አለች። ሙሴ ግን፣ ይኸው በሕይወት አለ አይደል አሉ። የተደበቀውን የሚያሳየውን ምልክት ነካችው። ስክሪኑ ላይ ሐመር ሐመር ያሉ ፎልደሮች፣ ከጉም ውስጥ እንደሚወጡ ኮረብቶች፣ አንድ በአንድ ታዩ። የየወሩ ፍላሽ ሁሉ እንዳለ ተቀምጧል። ይህንንም ላጥፋ ወይ የሚል ጥያቄ መጣ። አንገቴን አስግጌ ሳነብ ከመሀላቸው አንዱ «የአባቴ» ይላል።

«አታጥፊ» አልኩ። በዚህ ጉዳይ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አይሆንም ማለቴ ነው።

ጠጋኟ ድምፁን ብቻ ለይታ ፈትሻ ንጹሕ ነው አለች። ባለቤቴን ጠራኋት። በእጇ የጥሕሎ ሊጥ እንደ ያዘች መጣችና በሩ ላይ ቆመች። ከፈትነው።

ዝናቡ መጣ። ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሁሉ ቀና ብሎ ቆርቆሮውን አየ። ከዚያ ከዝናቡ ሥር አማቴ፣ ሳይቸኩሉ፣ ልጄ ብለው ጀመሩ። ሙሴ ተነሥተው ቆሙ፤ እሳቸው ሲቆሙ ሁሉም ቆመ፣ ሽማግሌ ሲመርቅ እንደሚደረገው። ከያንዳንዱ ምርቃት በኋላ ክፍሉ በሙሉ አሜን አለ፣ ካሴቱ ውስጥ ያሉትም አሜን አሉ፤ አንዳንዶቹ የሁለቱም አሜን ባለቤቶች ነበሩ። እኔ የማን ድምፅ ከየትኛው ዘመን እንደሚመጣ መለየት ተውኩ። ዓይኔን ስገልጥ ፀሐይ፣ ስጨፍን ዝናብ። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ ያሉትን አሉ። የዚያን ቀን ሰው ሳቀ፣ የዛሬውም ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም፤ ወደ በሩ አየሁ።

ባለቤቴ በክንዷ ዓይኗን ጠረገች። ድምፁ ሲያልቅ ወለሉን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ።

«ይሄን ካልሲ አሁንም እዚህ ነው የጣልከው? በእንግዳ ፊት?»

ቀጠለች። ለማያውቁት ሁሉ አዎ የሚል ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? የአባቷን ድምፅ የፀጉር ቅባት ከምትሸጥ ሴት ጋር በአንድ ቤት ያሳደረው ማን ነው? ጥር ላይ ጠብታ አይወርድም ያለውስ? በዚያ ዳስ ውስጥ የበሰበሰውን የእናቷን ቀሚስ ዋጋ ማን ከፈለ? ይህን የመጨረሻውን ከሰርጋችን ጀምሮ ይዛው እንደ ነበር አላውቅም ነበር። ሙሴ አንድ ነገር ሊሉልኝ አፋቸውን ከፈቱ፤ እጄን አንሥቼ አስቆምኳቸው። ለሰርጉ ሸራ መታዘዝ እንዳለበት፣ ሰማዩን አይቼ ምንም እንዳልተነብይ፣ አሁኑኑም ተነሥቼ ለእንግዶቹ እጅ ማስታጠብ እንዳለብኝ ተናገረች።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና እስክትጨርስ ሰማኋት።